ልጅ ያቦካው ለራት ሲበቃ

ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት የጫማውን ክር ማሰር የማይችል ልጅ ነበረኝ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። በየጠዋቱ አጎንብሼ የማስርለት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ የባሰበት በኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ማሙሽ አንደኛ ክፍል ነበር። የሚማረው በግል ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በቴሌግራም ወርክሺት ይልካል። እኔ መልሱን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ። «ኤክሰለንት!» ተብሎ ይመለስልናል። ትምህርት ቤት ሲከፈትም ልማዱ አልቀረም። ከሥራ ስገባ ነጠላዬን ሳላወልቅ የምከፍተው ኮሙኒኬሽን ቡኩን ነው። ቦርሳውን የማዘጋጀው እኔ፣ እርሳሱን የምቀርጸው እኔ፣ ሥዕሉን የማቀልመው እኔ። ጎበዝ እናት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል እያለ አንድ ማታ ኩሽና ቁጭ ብሎ ለፈተና ያጠናል። «ኢቫፖሬሽን ኢዝ ዘ ቼንጅ ኦፍ ሊኩዊድ ኢንቱ ጋዝ» እያለ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርደዋል፤ ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ማለት ነው። እኔ ሽሮ ልጥል ውሃ ጥጄአለሁ። «እስቲ እዚህ ቤት ውስጥ ኢቫፖሬሽን አሳየኝ» አልኩት። ጣሪያውን አየ። ፍሪጁን አየ። ድስቱ ከፊቱ እየተንፈቀፈቀ ነው፤ ክዳኑን ሳነሳው እንፋሎቱ ፊቱን መታው። «እሱን ቲቸር አላስተማረችንም» አለኝ። ያኔ አንጀቴ ተላወሰ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠበት ጊዜ ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ አንዱ መንግሥትን፣ አንዱ መምህራንን፣ አንዱ ስልክን። እኔ የታዩኝ ማሙሽ ያመጣቸው ኤክሰለንቶች ናቸው። ከነሱ ውስጥ የእሱ የራሱ ስንቱ ነው? ፈተና ክፍል አብሬው አልገባ።

በ2015 ክረምት ትምህርት ቤት ልቀይርለት ወሰንኩ። አባቱ መጀመሪያ አልተስማማም። «ሰው ለልጁ የተሻለ ይፈልጋል፣ አንቺ ወደ ኋላ ትመልሺዋለሽ?» አለኝ። እውነት ለመናገር ክፍያውም አንገታችንን ይዞን ነበር፤ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ሰርቪሱ ለብቻው ነው። ግን ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተበድሬም ቢሆን እቀጥል ነበር።

ሦስት ትምህርት ቤት ዞሬ አየሁ፣ ሁለት የግልና አንድ የመንግሥት። ቢሮ ውስጥ የሚነገረኝን ብዙም አልሰማሁም። መጸዳጃ ቤታቸውን አየሁ። በር ላይ ቆሜ ልጆቹ ሲወጡ ሁኔታቸውን አየሁ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ደብተር ማየቴ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ያላረፈበት ደብተር አለ። ሁሉም ገጽ «ራይት» የሆነበትም አለ፤ ይሄኛው እንደ ማሙሽ ደብተር ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ደብተሮች ላይ ስህተት፣ እርማት፣ እንደገና የተሠራ ሥራ አየሁ። መምህሯን ስጠይቃቸው «ያልተሳሳተ ልጅ ምን እንዳልገባው በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። በዚህች ቃል ወሰንኩ። ክፍሉ ሃምሳ ተማሪ ይዟል፣ ይሄ አሁንም ያሳስበኛል። ግን እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ነው የሚማሩት፣ ከቤታችንም በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።

እህቱን ሚጣን ግን እዚያ አላስገባኋትም። ሰው ሲበዛ የምትፈራ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ኮንዶሚኒየማችን አጠገብ ክፍሉ ሃያ አምስት ልጅ ያለው አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት አለ፤ እሱ ለእሷ ተስማማት። ጎረቤቶቼ ልጆቼን ያበላለጥኩ መስሏቸው ነበር። አንድ ጫማ ለሁለት ልጅ አይገዛም።

መስከረም 2016 ማሙሽ በእግሩ መሄድ ጀመረ። የመጀመሪያውን ሳምንት አብሬው ሄድኩ፤ አስፋልቱን የት እንደሚሻገር፣ ሰው ቢያስቸግረው የትኛው ሱቅ እንደሚገባ አሳየሁት። ሁለተኛውን ሳምንት ሃያ እርምጃ ከኋላው ሆንኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዞር ብሎ «እማ፣ በቃ ተመለሺ» አለኝ።

ቤት ውስጥም ሥራ ሰጠሁት። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ጄሪካኑንና ባልዲውን መሙላት የእሱ ሆነ። አንድ ቀን ረስቶ ኳስ ሲጫወት አመሸ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እየተነጫነጭኩ ራሴ እሞላው ነበር። ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ፊታችንን በኩባያ ውሃ ታጠብን። ዩኒፎርሙን ሳያጥብ ጭቃ እንደነካው ለብሶ ሄደ። ማንም አልተቆጣውም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልረሳም።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ምግብ ግን አስተማርኩት። አንድ ወር ሙሉ ስቶቩ አጠገብ አብሬው ቆምኩ፤ መጀመሪያ እኔ ስሠራ እያየ፣ በኋላ እሱ ሲሠራ እያየሁ። በ2016 ክረምት አንድ ማታ ዝናቡ ለቀቀው፣ የታክሲ ሰልፉ አያልቅም፣ ስልኬ ሞቷል፣ አባታቸው ፊልድ ነው። እየተቃጠልኩ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ደረስኩ። በሩን ስከፍት የቂጣ ሽታ ተቀበለኝ። ማሙሽ ዱቄት አቡክቶ ሦስት ቂጣ ጋግሯል፤ አንዱ አርሯል፣ ሁለቱ ወፍረዋል። ሚጣ በሻይ እየነከረች ትበላለች። ለእኔ በሳህን ከድኖ አስቀምጦልኛል። እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። ራስን መቻል ማለት ምን እንደሆነ እኔ ራሴ በደንብ አልገባኝም ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት በገባ በሦስተኛው ወር «እማ፣ ልጆች አስቸገሩኝ» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ በአዲስ እምነቴ ተሞልቼ «ራስህ ፍታው፣ ጎበዝ ልጅ ለእናቱ አያለቅስም» አልኩት። ዳግመኛ አላነሳውም። ከሁለት ወር በኋላ ገላውን ሲታጠብ ጀርባው ላይ የበለዘ አየሁ። ትልልቆቹ ልጆች የሱቅ ሳንቲሙን ይቀሙታል፣ እምቢ ሲል ይመቱታል። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ራስህ ፍታው ብለሽኝ ነው» አለኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄን ያጠነከርኩት መስሎኝ ብቻውን ጥዬው ነበር።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አብረን ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ሄድን። የሆነውን የተናገረው ራሱ ነው፣ እኔ አጠገቡ ቆምኩ። ዩኒት ሊደሩ ልጆቹን ከነወላጆቻቸው ጠሯቸው፣ ድብደባውም ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ጥያቄው ተቀየረ። ችግር ይዞ ሲመጣ «ምን ሞከርክ? እኔስ ምን ልርዳህ?» እለዋለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያለ ሁለተኛው አልጠይቅም።

ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብቶ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ተቀየረ። ከበደው። የመጀመሪያው የሒሳብ ቴስት ከሃያ ስምንት አመጣ፤ ወረቀቱን ሳይደብቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ባለፈው ዓርብ ማታ መጥቶ «መምህሩን ጠይቄያቸው ነበር፣ አሁንም ያልገባኝ አለ። ነገ ከጓደኛዬ ጋር እነሱ ቤት ላጥና። የታክሲ ስጪኝ፤ ስደርስ በእናቱ ስልክ እደውልልሻለሁ» አለኝ። ሰጠሁት። ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀና መንገዱን ተሻገረ። እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁት።