በእናቴ ዳዊት ውስጥ የተገኘው ስም

እህቴ ሦስት ስም ነበራት። አንዱን እማዬ አወጣችላት። ሁለተኛውን ደላላው ፓስፖርቷ ላይ አስገባላት። ሦስተኛውን ማዳሟ፣ የሐበሻ ስም አልያዝ ሲላት፣ ለራሷ እንዲቀላት ብላ ሰጠቻት። እኔ ወንድሟ ከሦስቱ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር፤ ዓመት ተኩል ያህል የፈለግኋትም በዚያው ነው። ሦስቱንም እዚህ አልጽፋቸውም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

ልጅ ሳለሁ ደሴ ላይ የወንጀል ልብወለድ በሳንቲም እየተከራየሁ ብርድ ልብስ ውስጥ አነብ ነበር። መርማሪው ሲጋራውን ለኩሶ፣ ከወለል ላይ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ አንስቶ፣ ገዳዩን ይነግራችኋል። ሰው ሲጠፋ የሚፈለገው እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በኋላ የገዛ እህቴ ስትጠፋ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ትኬት እቆርጥ ነበር። የማነሣው ቁልፍ ቀርቶ የማጎነብስበት ወለል እንኳ አልነበረኝም።

ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት የሄደችው በ2003 ነው። ዕድሜዋ 17፣ ፓስፖርቷ ላይ 25። እማዬ እንዳትሄድ ለምና ነበር። አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ጥር 17 ቀን 2002፣ ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላናችን 90 ሰው እንደያዘ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወድቆ አንድም ሰው አልተረፈም። «ያ ባሕር አይጠግብም» ትል ነበር። እህቴ ግን ደላላው ከፍሎላት፣ ፎቶ ተነሥታ፣ ስሟም ተቀይሮ አልቆ ነበር። ደላላው የእስላም ስም ለአረብ አገር ይቀላል አለ፤ የአባታችንን ስም ትቶ የእሷን ቀየረው። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ስላለ ነገሩ ማንንም አላስደነገጠም። አባዬ ያውቅ ነበር። አባዬ በ2005 ሲያርፍ ስሙን ይዞት ሄደ።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው ለፋሲካ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ነው። ኮሮና ነበር፤ ሁሉም ቤቱ ተዘግቶበታል። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔ ግን የመስመሩ ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያ ወቅት ሊባኖስ ገንዘቧ እየሟሸሸ ነበር። ለሃያ ዓመት 1,500 ሊራ ገደማ ላይ ቆሞ የኖረው ዶላር ወደ ሰማይ ወጣ፤ በዶላር ሲከፍሉ የኖሩ ቤቶች በሊራ መክፈል ጀመሩ፣ ከዚያም ጭራሽ ተዉት። አሠሪዎች ሠራተኛ ልጆቹን ከነሻንጣቸው በመኪና አምጥተው ሐዝሚየህ፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያራገፉ ሲሄዱ በስልኬ አይቻለሁ። ቪዲዮውን እያቆምኩ ፊት በፊት አጉልቼ አየሁ። የለችም።

ሐምሌ 28 ቀን ወደቡ ፈነዳ። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው አሉ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አብሮኝ የሚሠራ ሞሮኳዊ ነበር፤ በዓረብኛ የሚወጡትን የሟቾችና የጠፉ ሰዎች ስሞች እየፈለገ ያነብልኝ ጀመር። ማታ ማታ መኪና ሲቀንስ እሱ ያነባል፣ እኔ አዳምጣለሁ። «የእህትህ ስም የለም» ሲለኝ ተስፋዬ ይለመልማል። እማዬ ያወጣችላትን ስም እየፈለግን ነዋ! ያ ስም ደግሞ ሊባኖስ ምድር ገብቶ አያውቅም።

የደወልኩበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው። የፓስፖርት ስም? የፓስፖርት ቁጥር? ደላላው ራሱ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። የላካት ኤጀንሲ ተዘግቷል። እዚያ ሥራ ያስገባት ቢሮ በስንት ልመና ስልክ ሲያነሣ፣ የገባችበትን ዓመትና የአባቷን ስም ነግሬው፣ አንድ ሰው በተሰባበረ እንግሊዝኛ «እሷ በ2014 ከቤት ጠፍታለች» ብሎ ዘጋው። እሱ በፈረንጅ ነው የቆጠረው፤ በእኛ 2006 መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ደውላልናለች እኮ! ለካ አረብ አገር «ጠፋች» ማለት ከማዳሟ ቤት ወጣች ማለት ነው። ለእኛ የጠፋችው በ2012፣ ለእነሱ በ2006። «ቤት ቀየርኩ» ነበር ያለችን።

አገር ቤት አጎቴ ተዝካሯ ይውጣ አለ። እማዬ «ሬሳ ሳላይ ንፍሮ አልቀቅልም» ብላ ዓመት ከመንፈቅ አጎቴን አላናገረችውም።

ከዚያ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ። ስልክ ተቋረጠ፤ አሁን ደግሞ እናትም እህትም የለኝም። ሰው እየሸሸ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ እያለ ሲተም እማዬም ከጎረቤት ጋር ወጥታ አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ገባች። ቤቱን፣ ላሚቱን፣ በእህቴ ብር የተገዛውን ሶፋ ሁሉ ትታ፣ ነጠላዋ ውስጥ የአባዬን ዳዊት ብቻ ሸጉጣ መጣች። ማንበብ አትችልም። ለምን እሱን እንደያዘች ስትጠየቅ «የልጄ ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው» አለች።

የአክስቴ ልጅ ብትገልጠው በየገጹ መካከል የባንክ ደረሰኝ ታጥፏል። እህቴ ገንዘብ በላከች ቁጥር ባንክ የሚሰጣትን ወረቀት እማዬ ዳዊት ውስጥ ስታስቀምጥ ኖራለች። 43 ቁራጭ። ያ የሚያንሸራትት ወረቀት ብርሃንና ሙቀት አይወድም፤ አሥራ አንዱ ጽሑፉ ጠፍቶ ነጭ ሆኗል። 32ቱ ግን ከብራናው መሐል ጨለማ ውስጥ ስለኖሩ ይነበባሉ። ፎቶ እያነሣች በቴሌግራም ላከችልኝ። በሥራ ሰዓት ነበር፤ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ እየነፋ በላኪ ስም ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ።

ከአባታችን ስም ፊት የማላውቃት ሴት ስም ተቀምጧል።

እናንተ «ገንዘቡን ሲቀበሉ ላኪ ማነው አይባሉም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይባላሉ። መጀመሪያ አባዬ ነበር የሚቀበለው። ከእሱ በኋላ የጎረቤት ልጅ፣ በስልኩ በሚመጣለት መልእክት ቅጹን እየሞላ፣ እማዬ ጣቷን ታትማለች። ልጁም ኋላ ሳዑዲ ገባ። እኔ ደግሞ «በማን ስም ነው የምትልከው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የምጠይቀው «ላከች ወይ?» ብቻ ነበር።

ያን ሌሊት ከሞሮኳዊው ጋር የሟቾቹን ስም እንደገና ከላይ ጀመርን። በዚህኛው ስም። ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ የፈራሁት ያኔ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ። የለችም።

ከ2006 ወዲህ ባሉት ደረሰኞች ላይ ግን የላኪው ስም ሌላ ነው። አባቷም ሌላ። ከማዳም ቤት የወጣ ሰው ፓስፖርቱ ማዳም እጅ ይቀራል፣ ኢቃማውም፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይቃጠላል፤ ወረቀት የሌለው ደግሞ ገንዘብ መላክ አይችልም፤ ስለዚህ ወረቀት ባላት ጓደኛ ስም ይልካል። ይህን ያስረዳችኝ ሰባት ዓመት ዱባይ የሠራች የሰፈራችን ልጅ ናት። እኔ ተአምር ያገኘሁ መስሎኝ ስነግራት «ይሄማ የታወቀ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ደረሰኞቹን በተራ አስቀመጥኳቸው። አብዛኛው 200 ዶላር ነው፤ በ2006ቶቹ ላይ 3,900 ብር ገደማ። አንዱ፣ የግንቦት 2009ኙ፣ 100 ብቻ ነው። ያን ወር ጎድሎባት ይሆናል አልኩ። ደመርኩት። ከዚያ የራሴን ደመርኩ። በአሜሪካ ዶላር እየተከፈለኝ፣ በዚያው ዘመን፣ ከእሷ ያነሰ ልኬያለሁ።

የጓደኛዋን ስም ይዤ ሊባኖስ ያሉ እህቶች በሚገናኙባቸው ገጾች ላይ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ዝም። ከዚያ በኢሞ ድምፅ መጣልኝ፤ «ወላሂ አንተ ወንድሟ ከሆንክ በልጅነቷ ምን እግሯ ላይ እንደደረሰ ተናገር።» የፈላ ውኃ። ግራ እግሯ ላይ፣ ጀበና ተገልብጦባት። ላክሁ። መልሱ ሦስት ቃል ነበር፤ «እሑድ ዶራ ና።»

የካቲት 2014 ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በኢስታንቡል በኩል ገባሁ። ቤይሩት ያኔ ከአየር ማረፊያው ጀምሮ ጨለማ ነበረች። የመንግሥት መብራት በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ቢመጣ ነበር፤ የቀረው የሰፈር ጄኔሬተር ነበር። ዶላሩ 20 ሺህ ሊራ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ሻይ ለመጠጣት የብር እስር ይቆጠር ነበር። እሑድ ጠዋት ዶራ አደባባዩ ላይ ስቆም ግን ደሴ የገባሁ መሰለኝ። ነጠላ የለበሱ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ልጆች፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥበት ሱቅ፣ የዕጣን ሽታ። ፎቶዋን ይዤ ያገኘኋትን ሁሉ ስጠይቅ አንዷ ተቀብላ አየችና «ወንድሜ፣ ይቺማ ሕፃን ናት። ሕፃን ይዘህ ነው ሴት የምትፈልገው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ጋ ያለው የ17 ዓመቷ ነው።

ጓደኛዋ ከጀርባ መጥታ እጅጌዬን ያዘችኝ። አጭር፣ ፈጣን፣ ግማሽ ዓረብኛ የምትናገር ሴት። እስከ ነብዓ ድረስ በጠባብ መንገድ፣ ከራሳችን በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሸረሪት ድር እየተንጠላጠለ፣ ሳታናግረኝ ወሰደችኝ። አራተኛ ፎቅ። በሩን የከፈተችው እህቴ ናት። ወፍራለች። አዝላለች። ያዘለችው ልጅ 14 ወር ሆኖታል።

ለቅሶውን አልተርከውም። ለፋሲካ ስትደውል ማርገዟን ገና አውቃ ነበር። ያለ ወረቀት፣ ያለ ሥራ፣ ያለ ቃል ኪዳን። «ለእማዬ በየትኛው አፌ?» አለችኝ። ፍንዳታው መስኮቱን አርግፎ ስልኳን ቀብሮታል፤ እሷን አልነካትም። ወልዳ፣ አጥብታ፣ ድፍረት ያገኘችው ኅዳር 2014 ነው። ደወለች። የደሴ ስልክ አይሠራም። በየቀኑ ደወለች። እማዬ ሞተች ብላ ጥቁር ለብሳ ነው ያገኘኋት። አንድ ወር ሙሉ እሷ እማዬን፣ እኔ እሷን ስናለቅስ ከርመናል። ልጁ ዛሬም የየትም አገር ወረቀት የለውም። ስሞቹን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

እማዬን አዲስ አበባ ደወልንላት። ድምፅዋን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀቻት «ማተብሽ አለ?» ብላ ነው።

«አለ እማዬ።»

ልጁ ያኔ ጮኸ። እማዬ ዝም አለች። «ያ የማን ነው?»

እህቴ እኔን አየችኝ። «የጎረቤት ነው።»

«በይ ሂጂ አጥቢው» አለች እማዬ።

ማታ ጓደኛዋ ቡና አፈላች። ደረሰኞቹን ከአዲስ አበባ በሰው እጅ አስመጥቼ በፖስታ ይዤ ነበር፤ ፍራሹ ላይ ዘረገፍኳቸው። እህቴ አንድ በአንድ ታነሣለች። ቀኑን ሳታይ ታውቃቸዋለች። «ይቺ የጥምቀት ናት። ይቺ የአባዬ የአርባው፤ ማዳሜ ሁለት ወር አስቀድማ ሰጥታኝ፣ ወጥ ቤት ቆሜ እያለቀስኩ።» ነጮቹን አሥራ አንዱንም ከብርሃኑ ፊት ይዛ አገላበጠቻቸው። ከዚያ አንዷ ላይ ቆመች።

«ይቺ የእኔ አይደለችም።»

የግንቦት 2009 ናት፤ 100 ዶላሯ። ያኔ፣ አለችኝ፣ መንገድ ላይ ተይዛ ታስራ ነበር። ሦስት ወር። እንዴት እንደወጣች አልጽፍም። «ከእስር ቤት ገንዘብ አይላክም።»

ሁለታችንም ዞር አልን። ጓደኛዋ ጀበናውን አዘንብላ ሁለተኛውን እየቀዳች ነበር። ቀና አላለችም።

«እናት ዝም ሲባል አትወድም» አለች። «ጠጡ፣ ቶናው እየቀዘቀዘ ነው።»