«በኋላ» እንዴት «በላላ» ሆነ? የመጀመሪያው ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቴ

አንድ ትንሽ ኮድ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይሠራል፤ ግን ለማንም አላሳየሁትም። ባለፈው ጥር ግን ኮድ የሚጋሩበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ፣ ኦፕን ሶርስ አድርጌ (ማንም እንዲያየውና እንዲጠቀምበት) አወጣሁት። እንዴት እንደሄደልኝ ልንገራችሁ። በተለይ የራሳችሁን ሥራ ላውጣ አላውጣ እያላችሁ ለምታመነቱ።

ነገሩ የጀመረው ከሰው ስም ነው። ለአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የደንበኞች መዝገብ እየሠራሁ ነበር። አንድ ደንበኛ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ አገኘሁት። አንዱ ላይ «ኃይለ ሥላሴ»፣ ሌላው ላይ «ሀይለ ስላሴ»፣ ሦስተኛው ላይ «ኃይለስላሴ»። ለእኛ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያየ ጽሑፍ ነው። የሰውየው ቀሪ ሂሳብም ሦስት ቦታ ተበታትኗል።

ያን ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። የመጀመሪያዋን «ኃ» በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ መጻፍ ይቻላል። ስድስት መንገድ። «ሥ» ሁለት፣ «ሴ» ሁለት። ሲባዛ 24 ይመጣል። አጣብቆ የሚጽፍና ለያይቶ የሚጽፍ አለ፤ ስለዚህ 48። አንድ ስም በ48 መልክ! ፍለጋው ላይ አንዱን የጻፈ ሰው ሌሎቹን 47ቱን አያገኛቸውም።

እናም ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩ። ስሙንም «ሞክሼ» አልኩት። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች «ሞክሼ» ተባብለው እንደሚጠራሩት ማለት ነው። ይህን ስም እስካሁን እወደዋለሁ።

ኮዱ የቆመው አንድ ደስ የሚል ነገር ላይ ነበር። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ውስጥ ሲገባ በየቤቱ፣ ማለትም ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ፣ ነው የተደረደረው። ለአብዛኛው ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ከሐ ወደ ሀ ለመሄድ ከቁጥሩ ላይ 16 መቀነስ ብቻ ነው። ሑ ወደ ሁ፣ ሒ ወደ ሂ የሚሄደውም በዚያው 16 ነው። ከኀ ወደ ሀ 128 ትቀንሳለህ። ከዐ ወደ አ 48። ከፀ ወደ ጸ 8። ከሠ ወደ ሰ ደግሞ 16 ትደምራለህ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ታመጣለህ። አምስት ቁጥር ብቻ፣ አለቀ። ይህን ያገኘሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በደስታ።

ታዲያ ለምን ዓመት ሙሉ አስቀመጥኩት? ኮዱ 200 መስመር እንኳን አይሞላም። «ይህም ፕሮጀክት ነው ተብሎ ይወጣል?» እያልኩ ነው። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ችግር ከዜሮ ተነስቶ ሲታገል አየሁ። ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። የእኔ ኮድ ከእሱ ወንበር ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበር። በጣም ከነከነኝ። በዚያው ሳምንት ለማውጣት ወሰንኩ።

ከማውጣቴ በፊት የኮሚት ታሪኩን (ኮዱ ላይ በየጊዜው ያደረግኩትን ለውጥ መዝገብ) ወደ ኋላ እያገላበጥኩ አነበብኩ። እናንተም ይህን ሳታደርጉ እንዳታወጡ። መጀመሪያ አካባቢ መሞከሪያ ብዬ ያስገባሁት ፋይል ውስጥ የማተሚያ ቤቱ እውነተኛ ደንበኞች ስምና ስልክ ቁጥር ነበረበት። ፋይሉን ከወራት በፊት አጥፍቼዋለሁ። ግን ይህን ታሪክ የሚይዘው ፕሮግራም፣ ጊት፣ አይረሳም፤ ዛሬ ያጠፋኸው ፋይል የድሮው ኮሚት ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ሪፖውን (ኮዱና ታሪኩ ያሉበትን ማኅደር) ክፍት ባደርገው ኖሮ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጎ ያገኘው ነበር። ይህን ኮድ ብቻዬን ስለምሠራው ቀላሉን መንገድ መረጥኩ። አዲስ ሪፖ ከፍቼ፣ የጸዳውን ኮድ ብቻ አስገብቼ፣ ታሪኩን ከአንድ ጀመርኩ።

ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ላይ ብዙ አልቆየሁም። ኤምአይቲ የሚባለውን መረጥኩ። አጭር ነው፣ የሚያነበው ሰው ይገባዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ላይሰንስ ሳያስገቡ ኮድ ክፍት ማድረግ ለሰው መስጠት አይደለም። ያለ ላይሰንስ የወጣ ኮድ የቅጂ መብቱ ሙሉ በሙሉ የጸሐፊው ነው። ሰው ያየዋል እንጂ ሥራው ላይ ሊጠቀምበት አልተፈቀደለትም። ሪድሚውን (የፕሮጀክቱን መግለጫ) በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩት፤ አማርኛውን አስቀድሜ።

ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ፑሽ አደረግኩ፤ ኮዱን ወደ ጊትሀብ ላክሁት። ስምንት ቀን ምንም የለም። በዘጠነኛው ቀን የመጀመሪያው ኢሹ (ሰው ችግር ወይም ጥያቄ የሚጽፍበት መልእክት) መጣ። ሁለት መስመር ነው። የማላውቀው ሰው «በኋላ» ብሎ አስገብቶ የወጣለትን ለጥፎታል፦ «በላላ»።

ደጋግሜ አየሁት። ራሴ ሞከርኩት። እውነትም «በላላ»። «ወደ ኋላ» ስለው «ወደ ላላ» ይለኛል።

ምክንያቱ ያ የምወደው ቅነሳ ነበር። የኀ ቤት እንደ ሐ ቤት በስምንት ቦታ አያበቃም። ከሱ ቀጥሎ እነ ኈ፣ ኊ፣ ኋ፣ ኌ፣ ኍ አሉ። እኔ አስራ ስድስቱንም ቦታ አንድ ላይ ወስጄ ከሁሉም 128 ቀንሻለሁ። ከኋ ላይ 128 ሲቀነስ የሚገኘው ደግሞ «ላ» ነው። ኮዱ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። የሞከርኩት በሰዎች ስም ብቻ ነበር፤ ከስሞቹ አንዱም ውስጥ ኋ አልነበረም። በአማርኛ ከ«በኋላ» የበለጠ ስንት የተለመደ ቃል አለ? ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ሌላ ሰው በዘጠኝ ቀን አየው።

ያን ሌሊት ረጅም የይቅርታ መልስ ጻፍኩለት። ኋላ ሳነበው ሰውየው ምንም አልወቀሰኝም፤ መረጃ ነው የሰጠኝ። መልሴን ወደ «አመሰግናለሁ፣ እያየሁት ነው» አሳጠርኩት። በሦስተኛው ቀን ራሱ ፑል ሪኩዌስት (እንድቀበለው ያዘጋጀውን የኮድ ማስተካከያ) ላከ። ቅነሳውን ሁሉ አውጥቶ፣ እያንዳንዱን ፊደል ከአቻው ጋር የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥ ሠርቷል። «በሗላ» ብለው የሚጽፉትንም አስቦላቸዋል። የእኔ ዘዴ ሗን ሇ ያደርጋት ነበር፤ በአማርኛ የማንጽፍባት ፊደል ናት። የእሱ ሰንጠረዥ እንደ እኔ ቁጥሮች አያምርም። ግን ትክክል ነው። ተቀበልኩት።

ቀጥሎ የመጣው ከዊንዶውስ ተጠቃሚ ነበር። ፋይል ሲከፈት ዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ፊደል ፋይል ውስጥ የሚጻፍበት መንገድ) መሆኑን ኮዱ ላይ በግልጽ አልጻፍኩም ነበርና የእሱ ማሽን አማርኛውን ማንበብ አቃተው። በግማሽ ቀን ተስተካከለ። አሁን እያንዳንዱ ለውጥ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም በራሱ ይፈተናል። ክፍት ለሆነ ሪፖ ጊትሀብ ይህን በነጻ ይሰጣል፤ ተጠቀሙበት።

ሦስተኛው ኢሹ ግን ፕሮጀክቱን ከመሠረቱ ቀየረው። ግዕዝ የተማረች ሰው ናት የጻፈችው። ሪድሚው ላይ «የፊደል ስህተትን ያርማል» ብዬ ነበር። እሷ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ «ሠዓሊ» ብሎ የጻፈ ሰው ምን ተሳሳተ? ሥዕል የሚሥለው «ሠዓሊ» ነው። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ስንል ደግሞ «ለምኚልን» ማለታችን ነው። ያንተ ኮድ ሁለቱንም «ሰአሊ» አደረጋቸው። «ዓመት» የጊዜ ነው፤ «አመት» በግዕዝ ሴት አገልጋይ ናት። አንድ ላይ ጨፍልቀህ ስታበቃ «አረምኩ» ትላለህ።

መልስ አልነበረኝም። ትክክል ናት። ከዚያም የማተሚያ ቤቱ መዝገብ ትዝ አለኝ። እዚያ የደንበኞቹን ስም «አስተካክዬ» በላዩ ላይ ጽፌበታለሁ። ዕድሜ ልኩን «ኃይለ ሥላሴ» ብሎ የፈረመ ሰው ደረሰኝ ላይ «ሀይለ ስላሴ» ሆኖ ወጥቶለታል። ስሙ የእሱ ነው። እኔ ምን አግብቶኝ ነው የምቀይረው? ሄጄ የድሮ ወረቀት ደረሰኞችን አገላብጬ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ መለስኩ። የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ወሰደብኝ።

ስሪት 0.2.0 ከዚያ በኋላ የወጣ ነው። ሞክሼ አሁን የማንንም ጽሑፍ አይነካም። የተጻፈው እንደተጻፈ ይቀመጣል። ከጎኑ ሌላ የተጨፈለቀ ቃል ይሠራል፤ እሱ ለፍለጋ ብቻ ያገለግላል፣ ለሰው አይታይም። በየትኛውም ፊደል ፈልግ፣ ታገኘዋለህ። ስታገኘው ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ነው የምታየው። «ያርማል» የሚለውንም ቃል ከሪድሚው አጠፋሁ።

አሁን ክፍት ሆኖ የቀረው ትልቁ ጥያቄ ኸ ነው። «መጥተሃል» እና «መጥተኻል» መገናኘት አለባቸው፤ በዚህ ሁላችንም ተስማምተናል። የቤቱ የመጀመሪያ ፊደል፣ ኸ፣ ግን ከሀ ጋር አትሄድም፣ ድምፅዋ ሌላ ነው። «ከቤት»ን «ኸቤት» የሚሉ አካባቢዎችም አሉ። እዚያ ከሄድን ኸ የከ ሞክሼ ልትሆን ነው። እንዴት እናድርጋት? በእናንተ ሰፈር እንዴት እንደምትነገርና እንደምትጻፍ ኢሹው ላይ ጻፉልኝ። ለዚህ ኮድ ማወቅ አያስፈልግም።