ጸጥ ያለው ልጅ

በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ብዙ ጊዜ ያሞገስኩት ጸጥ ያለውን ልጅ ነው። አያለቅስም፣ ቱቦ አይጎትትም። ርክክብ ላይ «እሱ ደህና ነው፣ ጸጥ ብሎ ነው ያደረው» ብለን እናልፋለን።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በከባድ የሳንባ ምች ገብቶ፣ ከመተንፈሻ ማሽን ከወጣ ሁለት ቀኑ ነው። ኦክስጅኑ ጥሩ ነው፣ ትኩሳቱም ወርዷል። እናቱ እጁን ይዛ በስሙ ትጠራዋለች፤ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ዞር ብላ «ሲስተር፣ ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አለችኝ። «ደክሞት ነው» አልኳት። ድካም አልነበረም። ዲሊሪየም ነበር፤ በከባድ ሕመም ጊዜ በድንገት የሚመጣ የአእምሮ መደነጋገር ማለት ነው፣ ያውም ዝም የሚያሰኘው ዓይነት። ልጅ ሲወራጭ ሁላችንም እንሮጣለን። ዝም ሲል ግን ልብ የሚለው የለም።

ምርምሬ የተነሳው ከዚያ ነው። መጀመሪያ እንቅልፉንም፣ እንቅስቃሴውንም፣ ምግቡንም፣ ማስተኛ መድኃኒቱንም ላጠና ነበር። አማካሪዬ «አንዱን ያዢ» አለችኝ። ዲሊሪየምን ያዝኩ።

መለኪያው የኮርኔል መጠይቅ ነው። 8 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። ድምሩ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዲሊሪየም ይጠረጠራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ የሚንከባከበውን ሰው ዓይን ዓይኑን ያያል ወይ የሚል ነው። እናትየው ያለ ወረቀት የመለሰችው ይህንኑ ነበር።

ቅጹን አባዝቼ ለነርሶቹ ሰጠሁ። ሲመለስልኝ የሁሉም ልጆች ቁጥር ተመሳሳይ ነው! ተናደድኩ። ከዚያ አንድ ሌሊት አብሬያቸው አደርኩ። ቅጹ ያለው ጠረጴዛው ላይ፣ ከአልጋዎቹ ርቆ ነው። ሥራ ፋታ አይሰጥም፤ ስለዚህ ፈረቃ ሊያልቅ ሲል በአንዴ ይሞላል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቅጹን ትንፋሽና የልብ ምት ከሚጻፍበት ወረቀት ጋር አያያዝኩት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መረጃ ግን አንጀቴ እያረረ ጣልኩት።

ያን ሌሊት ድምፅ መለኪያም ይዤ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሕሙማን ክፍል የሌሊት ድምፅ በአማካይ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። የእኛ አንዴም እዚያ አልወረደም። ከሞኒተሩ ጩኸት በላይ የሚያስደነግጠው የቆሻሻ መጣያው ክዳን ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ የተኙ ልጆችን ቀስቅሰን ገላቸውን እናጥባለን። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሆነ ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሪስቶር የተባለው ትልቅ ጥናት ብዙ አስተምሮኛል። በ31 የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 2,449 ልጆች ተካተውበታል። ነርሶች በሥርዓት የሚመሩት የማስተኛ መድኃኒት አሰጣጥ ልጆቹ ማሽን ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ አላሳጠረም። ያኔ «በቃ፣ ከሸፈ» ብዬ ነበር። ደግሜ ሳነበው ግን ልጆቹ ኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ሕመም ማስታገሻ፣ የወሰዱባቸው ቀናት አንሰዋል፤ ነቅተው ተረጋግተው የቆዩበት ጊዜም ጨምሯል። በሌላ በኩል ሕመምና መወራጨት የተመዘገበባቸው ቀናት በዝተዋል። አንድን ሥራ በአንድ ቁጥር ብቻ መመዘን ይህን ሁሉ ይደብቃል።

የእኔም ጥናት ልጁ ከክፍሉ ሲወጣ ነበር የሚያበቃው። ወላጆች ግን የሚጠይቁኝ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው፦ ትምህርቱን ይችላል? እንደ ድሮው ይሮጣል? ስለዚህ ከወጡ በኋላ መደወል ጀመርኩ። ብዙዎቹን አጣኋቸው፤ ስልክ ይቀየራል። አሁን ገና አልጋ ላይ እያሉ የሁለት ሰው ቁጥር እቀበላለሁ።

በስልክ የምጠይቅበትን ቅጽ ለመሞከር መጀመሪያ የደወልኩት ለዚያ ልጅ እናት ነው። «ተመስገን፣ ራሱን ሆኗል። ግን መብራት ሲጠፋ ይጮኻል» አለችኝ። ቅጹ ላይ ይህን የምጽፍበት ቦታ አልነበረም። ጠርዙ ላይ ጻፍኩት። በሚቀጥለው እትም ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሌሊቱን እንዴት ያድራል?» ሆነ።