ከወደቡ መጀመር፦ በሊቅያ ዳርቻ ፍርስራሾችን የማንበብ ልምምዴ

እንደ እኔ ጥንታዊ ከተሞችን መዞር ለምትወዱ ወዳጆቼ፣ ልምምዴ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። ሰሞኑን የተመለስኩት ከደቡብ ምዕራብ ቱርክ፣ ከአንታሊያ እስከ ፈቲየ ከተዘረጋው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው። አገሩ በጥንት ስሙ ሊቅያ ይባላል። ተራራው ከባሕሩ አፋፍ ድረስ ስለሚወርድ ከተሞቹ የበቀሉት ገደሉ ለመርከብ መጠለያ ትንሽ ክፍተት በሰጠባቸው ቦታዎች ነው። ለዋና የሚመቹት የዛሬዎቹ የባሕር ዳርቻዎችም እነዚያው ክፍተቶች ናቸው፤ ስለዚህ እዚያ አገር አሸዋውንና ፍርስራሹን ለየብቻ መጎብኘት አይቻልም።

ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ቀላል ነው። ወደ ፍርስራሹ ስገባ አምዶቹንና ቲያትሩን ለኋላ አቆይቼ መጀመሪያ ውኃውን እፈልጋለሁ። መርከብ የት ይቆም ነበር? ጭነቱ በየት በኩል ወደ ከተማው ይገባ ነበር? የሚጠጣው ውኃስ ከየት መጣ? የማብራሪያ ሰሌዳውን ከማንበቤ በፊት ግምቴን በደብተሬ ላይ እነድፋለሁ፤ ከዚያ ከሰሌዳው ጋር አስተያያለሁ። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ድንጋዮቹ እርስ በርስ መያያዝ ጀምረውልኛል።

ለጀማሪ ከፋሴሊስ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከሮድስ ደሴት የመጡ ሰፋሪዎች በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የቆረቆሯት ከተማ ናት። ወደ ባሕሩ ዘልቆ በገባ ትንሽ ምድር ላይ ተቀምጣ ሦስት ወደቦች ነበሯት፤ ሦስቱም ዛሬ ይዋኝባቸዋል። ሰፊው አውራ ጎዳና ከመካከለኛው ወደብ ተነሥቶ እስከ ደቡባዊው ይዘልቃል። ንድፌን የጀመርኩት ከዚህ ጎዳና ነበር፤ ከአንዱ ጫፉ ወደ ሌላው ስትሄዱ ከተማዋ ለምን እንደዚያ እንደተዘረጋች ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። በደቡብ ጫፉ የሮም ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን በ131 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) በመጣ ጊዜ የቆመለት በር ፈርሶ ተኝቷል። የመዋኛ መነጽር አድርጌ በመካከለኛው ወደብ ስጠልቅ የማዕበል መከላከያው ግንብ ድንጋዮች ከሥሬ ተደርድረው አየኋቸው። ጥድ እስከ ውኃው ጫፍ ስለሚወርድ በቀትርም ቢሆን ጥላ አይጠፋም።

ልቤን የወሰደችው ግን ፓታራ ናት። እንደ ፋሴሊስ ወዲያው አትገባም፤ ዋናው ወደቧ ዛሬ የለምና። የክሳንቶስ ወንዝ ደለልና ነፋስ ያመጣው አሸዋ ቀስ በቀስ ሞልተውት ወደቡ የሸምበቆ ረግረግ ሆኗል። በሌላው የሮም ንጉሠ ነገሥት በኔሮ ዘመን የተሠራው የመርከቦች መብራት ግንብም በአሸዋ ተውጦ ኖሮ የወጣው በዚህ ክፍለ ዘመን ነው። ግንቡ የቆመበትን ቦታ ካገኛችሁ የወደቡ አፍ የት እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ረግረጉን በዓይናችሁ በውኃ ሙሉት። ድንገት በሜዳ መካከል ብቻውን የቆመው ትልቅ የእህል ጎተራ ትርጉም ያገኛል፤ ከወደቡ አጠገብ ነበራ!

ጎተራውስ ለምን እዚህ ተሠራ? መልሱ ነፋሱ ነው። በዚያ አገር የበጋ ወራት በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ከእስክንድርያ ወደ ሮም እህል የሚጭኑ መርከቦች በቀጥታ መሄድ ይከብዳቸው ነበር። ስለዚህ ወደ ሰሜን ወጥተው የሊቅያን ዳርቻ ይይዙና ወደ ምዕራብ ይታጠፋሉ። የሐዋርያት ሥራን ያነበባችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ቅዱስ ጳውሎስ በምዕራፍ 21 በፓታራ መርከብ ይለውጣል፤ በምዕራፍ 27 ደግሞ እስረኛ ሆኖ ሲሄድ መቶ አለቃው በሌላዋ የሊቅያ ከተማ በሚራ ወደ ኢጣሊያ የሚሄድ የእስክንድርያ መርከብ ያገኛል። ያንን ምዕራፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። በሚራ ወደብ በአንድሪያኬ፣ በሐድርያን ዘመን ከተሠራው ጎተራ ፊት ቆሜ ግን ታሪኩ የነፋስና የእህል መንገድ እንዳለው ገባኝ። ይህኛው ጎተራ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ አያምልጣችሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የሚጠጣው ውኃ፣ ወደ ዴሊክኬመር ወሰደኝ። ቦታው ከካልካን ከተማ በላይ በተራራው ላይ ነው። የፓታራ ውኃ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይመጣ ነበር፤ እዚህ ጋ ሸለቆ ይገጥመዋል። መሐንዲሶቹ ከፍ ያለ ድልድይ በመሥራት ፈንታ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ አቆሙና በላዩ የድንጋይ ቧንቧ ዘረጉ። እያንዳንዱ ድንጋይ መካከሉ ተቦርቡሮ፣ በአንዱ ጎኑ ወጣ ያለ ከንፈር፣ በሌላው ጎኑ ያንን ከንፈር የሚቀበል ጎድጓዳ ተቀርጾለታል። እጄን በአንዱ ቀዳዳ አስገብቼ ልስላሴውን ዳሰስኩት። ውኃው በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ስለሆነ ወደ ሸለቆው ወርዶ በራሱ ግፊት ወደ ማዶው ይወጣል። በድንጋይ ተሠርቶ ማየቱ በጣም ያስደስታል።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ዶልሙሽ የሚባሉት ትናንሽ አውቶቡሶች ብዙውን ቦታ ያደርሷችኋል፤ ፋሴሊስ ግን ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር መሄድ አለው። በማለዳ ፍርስራሹን፣ ከቀትር በኋላ ባሕሩን አድርጉ። በፓታራ ወደ አሸዋው የሚገባው በፍርስራሹ በር ስለሆነ አንዱ ትኬት ለሁለቱም ይሆናል። ዳርቻው የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ነውና በዚያ ወቅት ማታ ይዘጋል፤ ይህ ደንብ በጥብቅ እንዲከበር ከልቤ እመኛለሁ። ከፍርስራሹ ጠጠር እንኳ አታንሡ፤ ሕጉ ጠንካራ ነው።

የሚቀጥለው ልምምዴ በእነዚህ በሮችና ጎተራዎች ላይ የተቀረጹትን የግሪክ ፊደላት ለይቶ ማንበብ ነው፤ ፊደሎቹን ከወዲሁ መገልበጥ ጀምሬአለሁ። ሌላም ሐሳብ ከፓታራ ወዲህ አልለቀቀኝም። የአክሱም ወደብ የነበረችው አዱሊስም ፍርስራሿ ዛሬ ከባሕሩ ራቅ ብሎ በየብስ ላይ ነው የሚገኘው። ከእናንተ መካከል ቦታውን ያየ ወይም ስለ ጥንታዊው ወደብ አቀማመጥ ያጠና ካለ ንድፉን ቢልክልኝ ከፓታራው ጎን አስቀምጬ ላነጻጽረው እፈልጋለሁ።