እናቴን ይዤ አራት ሌሊት በሮም፦ በአነስተኛ ገንዘብ አልጋ የያዝኩበት መንገድ

ከጥር 28 እስከ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከእናቴ ጋር አራት ሌሊት በሮም አሳልፈናል። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ሲሆን፣ እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ስትመጣ የቅዱስ ጴጥሮስንና የቅዱስ ጳውሎስን መቃብር ሳልሳለም አልመለስም ስላለችኝ ጉዞውን ማቀድ የጀመርኩት ገና ቪዛዋ ሳይወጣ ነበር። ለመኝታ የመደብኩት ገንዘብ 350 ዩሮ ነው፤ ከዚያ በላይ ማውጣት አልችልም ነበር። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቶቿ ያሟታል፤ ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች። እነዚህን ሦስት ነገሮች ቀድሜ ብጽፋቸው ኖሮ ብዙ ድካም በቀረልኝ ነበር። እኔ ግን ፍለጋዬን የጀመርኩት ከዋጋው ነው።

በመጀመሪያ የያዝኩት ክፍል ለኅዳር ወር ነበር። በሌሊት 49 ዩሮ፣ ለአራት ሌሊት 196 ዩሮ፤ ቢሰረዝ ገንዘቡ አይመለስም የሚል ውል ነበረው። ያው ክፍል፣ ቢሰረዝ ገንዘቡ በሚመለስበት ውል፣ በሌሊት 54 ዩሮ ነበር፤ እኔም 20 ዩሮ ተረፈኝ ብዬ ርካሹን መረጥኩ። የእማዬ ቪዛ ግን በታሰበው ጊዜ አልደረሰም፤ ጥሪ ወረቀቱን፣ የ30 ሺህ ዩሮ የጉዞ መድን ሽፋኑንና ሌላውንም ሁሉ አሟልተን ብናስገባም ውጤቱ የመጣው ክፍሉ ከተያዘበት ቀን በኋላ ነበር። 196ቱ ዩሮ በዚያው ቀረ። ቪዛ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ቀን ሊለወጥ የሚችልበት ምክንያት በእጃችሁ ካልሆነ፣ የማይመለሰውን ውል አትንኩት እላለሁ። ለሁለተኛው ጊዜ ክፍል ስይዝ እስከ ሁለት ቀን አስቀድሞ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ መሆኑን አረጋግጬ፣ የስረዛውን የመጨረሻ ቀን በስልኬ ላይ ማስታወሻ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ጉዞው ወደ ጥር መጨረሻ መዛወሩ በአንድ በኩል ጠቅሞናል። የገናው ሰሞን ካለፈ በኋላና ፋሲካ ከመቅረቡ በፊት ያሉት ሳምንታት በሮም የእንግዳ መቀነሻ ጊዜ በመሆናቸው፣ በጸደይ ወራት 110 እና 120 ዩሮ ሲባሉ ያየኋቸው ክፍሎች ከ70 በታች ወርደው አገኘኋቸው።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ሠፈር መምረጥ ነበር። በመጨረሻ ሁለት ባለ ሁለት ኮከብ ሆቴሎች ቀሩ። አንደኛው በሜትሮ መስመር ሀ ዳር አካባቢ፣ ከመሀል ከተማው የራቀ፣ በሌሊት 56 ዩሮ፤ ሁለተኛው ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሌሊት 68 ዩሮ። በአራት ሌሊት የ48 ዩሮ ልዩነት ማለት ነው፤ ለእኔ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ከዚያ ግን ወረቀት አውጥቼ ውሏችንን ከጠዋት እስከ ማታ ጻፍኩት። እማዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ሳትል መዋል አትችልም። ስለዚህ ከሩቁ ሆቴል ቢሆን በቀን አራት ጊዜ መሳፈር አለብን፤ ጠዋት መውጣት፣ ቀትር ላይ መመለስ፣ ከሰዓት መውጣት፣ ማታ መመለስ። የሜትሮና የአውቶቡስ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል፣ በሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባል። ለሁለት ሰው በቀን 12 ዩሮ፣ በአራት ቀን 48 ዩሮ። የክፍሉ ዋጋ ልዩነት በሙሉ በትኬት ተበላ። ከቅርቡ ሆቴል ደግሞ መሳፈር የሚያስፈልገን ወደ ቅዱስ ጴጥሮስና ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ለምንሄድባቸው ሁለት ቀናት ብቻ ስለነበር ወጪው 12 ዩሮ ነው። ስለዚህ ከተማው መሀል ማደር በጠቅላላው የሚያስወጣን ተጨማሪ ገንዘብ 12 ዩሮ ብቻ ሆነ፤ በዚያ ፈንታ የእማዬ ጉልበት በየቀኑ ከሚወርደውና ከሚወጣው የሜትሮ ደረጃ ይድናል። ይህን ስሌት ሳልሠራ 56ቱን ዩሮ ልይዝ ተቃርቤ ነበር።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው የከተማው የማረፊያ ግብር ነው። ክፍል በምንይዝበት ጊዜ ከምናየው ዋጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም፤ የሚከፈለው እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ነው። ሮም ይህን ግብር ከ2023 እ.ኤ.አ. መጸው ጀምሮ ከፍ አድርጋዋለች፤ በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ለባለ አንድ ኮከብ ሆቴል 4 ዩሮ፣ ለባለ ሁለት ኮከብ 5፣ ለባለ ሦስት ኮከብ 6፣ ለባለ አራት ኮከብ 7.50፣ ለባለ አምስት ኮከብ 10 ዩሮ ነው። ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ለእኛ 5 ዩሮ በሁለት ሰው በአራት ሌሊት 40 ዩሮ መጣ፤ ከክፍሉ 272 ዩሮ ጋር ተደምሮ 312 ሆነ። ግብሩ በሰው የሚቆጠር ስለሆነ፣ ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ርካሽ ክፍል የሚያድሩ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ያስከፍላቸዋል። የእኛ ሆቴል ግብሩን በጥሬ ገንዘብ ነው የጠየቀን፤ አስቀድሜ ስለጠየቅሁ ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ይዤው ነበር።

ክፍሉን ከመያዜ በፊት ለሆቴሎቹ በቀጥታ ጻፍኩላቸው። «ሊፍት አለ?» ብሎ መጠየቅ በሮም በቂ አይደለም። በመሀል ከተማው ያሉ ርካሽ ሆቴሎች ብዙዎቹ አንድን ሙሉ ሕንፃ የያዙ አይደሉም፤ ሰዎች በሚኖሩበትና ቢሮዎችም ባሉበት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ፎቅ ተከራይተው የሚሠሩ ናቸው። ሊፍቱ ሕንፃው ከተሠራ ከብዙ ዓመታት በኋላ በደረጃው መሀል የገባ በመሆኑ፣ ከመንገዱ በር እስከ ሊፍቱ ድረስ ራሱን የቻለ ደረጃ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የጠየቅሁት «ከመንገዱ በር እስከ ሊፍቱ ስንት ደረጃ አለ? ሻወሩስ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ ይላል?» ብዬ ነው። ከጠየቅኋቸው አራት ሆቴሎች አንዱ አልመለሰልኝም፤ አንዱ «ችግር የለም» ብሎ ብቻ ጻፈ፤ አንዱ 22 ደረጃ አለ አለኝ። የያዝነው ሆቴል ግን «ሰባት ደረጃ፣ በስተቀኝ የብረት መደገፊያ አለው፣ ሻወሩ እንደ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል» ብሎ መለሰ። እንዲህ ቆጥሮ የሚመልስ ቤት እንግዳውንም ይንከባከባል ብዬ ገመትኩ፤ አልተሳሳትኩም።

ቁርስ ያለበትን ዋጋ ተውኩት። ቁርሱ ለአንድ ሰው 8 ዩሮ፣ በአራት ጠዋት ለሁለታችን 64 ዩሮ ነበር። የሚቀርበው ኮርኔቶ የሚባለው የጣሊያን ጣፋጭ ዳቦ፣ እርጎ፣ አይብና ቡና በወተት ነው፤ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ኮርኔቶ እማዬ ረቡዕና ዓርብ አትነካውም፣ በእነዚያ ቀናት እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አትቀምስም። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቡና ቤት እንጠቀም ነበር። በሮም ቡና ቤት በባንኮኒው ቆሞ የሚጠጣ ቡናና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣ ቡና ዋጋቸው የተለያየ ነው፤ የሁለቱንም ዋጋ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። እማዬን አስቀምጬ እኔ ቆሜ እጠጣ ነበር። ለጾም ምሳ አይብ የሌለበት፣ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኦሬጋኖና በዘይት የሚሠራው ማሪናራ ፒዛ ተስማማት፤ ዓርብ ማታ ደግሞ በቴርሚኒ ዙሪያ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ በያይነቱ በላን። ውኃ አልገዛንም፤ በየመንገዱ ቀንና ሌሊት የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ የሚጠጣ ውኃ ይሰጣሉ፣ ሁለት ባዶ ጠርሙስ መያዝ በቂ ነው።

የደረስነው ማክሰኞ ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቴርሚኒ በቀጥታ የሚሄደው ባቡር ለአንድ ሰው 14 ዩሮ፣ ለሁለታችን 28 ዩሮ ነበር። 8 ዩሮ የሚያስከፍል ሌላ ባቡር አለ፤ እሱ ግን በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ አድርጎ ያልፋል እንጂ ቴርሚኒ አይገባም፤ ማታ ሌላ ለውጥ ከእማዬ ጋር አልፈለግሁም። በዚያን ጊዜ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሀል ከተማው የታክሲ ቁርጥ ዋጋ 50 ዩሮ ነበር፤ አራት ለሆኑ ሰዎች ታክሲው ከባቡሩ ያዋጣ ነበር፣ ዋጋው ለመኪናው እንጂ በሰው አይቆጠርምና።

ከጣቢያው ወጥተን ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ አደባባይ ስናቋርጥ ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ እንደሚባልና የተሰየመውም በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች እንደሆነ ለእማዬ ነገርኳት። ቆም ብላ ዙሪያዋን ተመለከተችና «ነፍስ ይማር፤ የሁሉም እናት አልቅሳለች» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሆቴሉ ድረስ አልተናገረችም።

ከአደባባዩ ሆቴሉ የዘጠኝ ደቂቃ መንገድ ነው የሚለው የካርታው ግምት ለእኔ እርምጃ እንጂ ለእሷ አይደለም። መንገዱ በከፊል እንደ አዲስ አበባው ኮብልስቶን በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ በመሆኑ የሻንጣው ጎማ እየተሰነቀረ፣ እየቆምን፣ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ሰባቱን ደረጃ ወጥተን ሊፍቱን ስጠራ አልመጣም። በብረት ፍርግርግ የታጠረ ጠባብ ሊፍት ነው፤ በሩ በእጅ ካልተዘጋ ከቆመበት አይንቀሳቀስም። እማዬን በነጠላዋ ተጠቅልላ የእምነ በረዱ ደረጃ ላይ እንድትቀመጥ አድርጌ በእግሬ ወጣሁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው የውስጡን በር ገርበብ አድርጎ ትቶት አገኘሁ። ዘግቼ ወረድኩ። ለሁለት ሰው እንጂ ለሻንጣ ቦታ ስለሌለው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን አወጣሁ። እንግዳ ተቀባይዋ፣ በዕድሜ ከእማዬ የማያንሱ ሴት፣ ፓስፖርቶቻችንን ተቀብለው መዘገቡ። ይህ በጣሊያን ግዴታ ነው፤ የእንግዳ ስም ለፖሊስ መተላለፍ አለበት፤ ስለዚህ ፓስፖርቱን ለጥቂት ደቂቃ ሲወስዱት መደንገጥ አያስፈልግም።

ያላሰብኩበት ነገር ብርዱ ነበር። በጣሊያን የሕንፃ ማሞቂያ የሚሠራበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ሮም ባለችበት የአየር ጠባይ ክልል ከኖቬምበር 1 እስከ አፕሪል 15 ሲሆን፣ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድም። በሕንፃችን ጠዋትና ማታ ይለቁታል፤ እማዬ ጋደም በምትልበት ቀትር ላይ ግን ቱቦው ቀዝቃዛ ነበር። ከአዲስ አበባ ያመጣችው ጋቢ ባይኖር ኖሮ እንቸገር ነበር። በሁለተኛው ቀን ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠየቅሁ፤ ወዲያው ሰጡን። ማሞቂያው በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ ከደረጃው ጋር አብሬ መጠየቅ ነበረብኝ።

በሮም ለእንግዳ ማደሪያ ማግኘት ለሐበሻ አዲስ ነገር አይደለም። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ አሁን በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከኢትዮጵያ በእግርና በመርከብ የሚመጡ መነኮሳት ያርፉ የነበረው እዚያ ነው። ከእነሱ አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በዚያች ከተማ አሳተሙ። ሐሙስ ቅዱስ ጴጥሮስን በተሳለምን ጊዜ ይህን ነገርኳት፤ ቤተ ክርስቲያኑን ማየት ግን ያለ ልዩ ፈቃድ አልተቻለንም።

ዓርብ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሄደናል፤ በአራቱ ቀን ውስጥ ግን እማዬን እጅግ ደስ ያሰኛት በእቅዴ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው። ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ከሆቴላችን በእሷ እርምጃ አሥር ደቂቃ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፣ መግቢያ አያስከፍልም። ረቡዕ ጠዋት ገብተን፣ በግራ በኩል ባለው የጎን ጸሎት ቤት ከመሠዊያው በላይ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ስታይ እጄን ያዘችኝ። «ይህቺማ የኛዋ ናት» አለች። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሁለት እጆቿን አንዱን በአንዱ ላይ አመሳቅላለች፤ ሕፃኑ መጽሐፍ ይዟል። በእርግጥም የዚህ ሥዕል ቅጂዎች በኢየሱሳውያን መነኮሳት አማካይነት ኢትዮጵያ ደርሰው፣ ሠዓሊዎቻችን ከዚያ ወዲህ ምስለ ፍቁር ወልዳን በዚሁ አኳኋን ሲሥሉ ኖረዋል፤ እማዬ ቤት መኝታዋ ራስጌ ያለውም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እኔ ቡና ቤቱ እስኪከፈት ሳልጠብቅ እሷን አድርሼ እመለስ ነበር። ቅዳሜ ክፍሉን በ4 ሰዓት መልቀቅ ነበረብን፤ በረራችን ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ነበር። ሻንጣችንን ያለ ክፍያ እንደሚያስቀምጡልን ክፍሉን ስይዝ በጽሑፍ አረጋግጬ ስለነበር፣ ጣቢያው ላይ ለሻንጣ ማስቀመጫ የሚከፈለው ገንዘብ ቀረልን። ሻንጣውን ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ካስቀመጥኩ በኋላ ለአራተኛ ጊዜ አብረን ወደ ባዚሊካው ሄድን፤ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ እያሸች፣ እስከ ቀትር ድረስ ውዳሴ ማርያሟን ደገመች።