ቢጣላም ይቀብራል

ኢም የሚባለው የእንግሊዝ መንደር ከሼፊልድ ከተማ ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ግን ባሱ ሃምሳ ደቂቃ አረፈደ። ዝናቡ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ስደርስ ደግሞ አንድ ሻይ ቤት ለሻይና ለቁራጭ ኬክ 9 ፓውንድ ተቀበለኝ። በጣም ተናደድኩ።

«ኢያም ቤተ ክርስቲያን የት ነው?» ብዬ ስጠይቅ አንዲት አሮጊት «ኢም ነው የሚባለው፣ ልጄ» አሉኝና ራሳቸው ወሰዱኝ። ግቢው ውስጥ የ8ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ መስቀል አለ። አጠገቡ የካትሪን ሞምፔሰን መቃብር አለ። መንደሩን ቸነፈር በመታው ጊዜ የነበሩት ቄስ ሚስት ናት።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም 1665 እ.ኤ.አ. ነው። ከለንደን ለመንደሩ ልብስ ሰፊ ጨርቅ መጣ። ጨርቁ ርሶ ነበርና ጆርጅ ቪካርስ የሚባል ሠራተኛ እሳት ዳር አሰጣው። ቸነፈሩ የገባው በጨርቁ ውስጥ በነበረ ቁንጫ ነው ይላሉ። ቪካርስ በቀናት ውስጥ ሞተ። በሰኔ 1666 ቄስ ዊሊያም ሞምፔሰን ከሳቸው በፊት ከነበሩት ከቶማስ ስታንሊ ጋር ሆነው ሕዝቡን ለመኑ፦ በሽታውን ወደ ጎረቤት እንዳናደርስ ማንም ከመንደር አይውጣ። ሕዝቡም እሺ አለ። በ14 ወር 260 ያህል ሰው አለቀ።

ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው መንገድ ስድስት ቀዳዳ ያለው ድንጋይ አለ። ያኔ ሳንቲሙ በሽታ እንዳያስተላልፍ ተብሎ ቀዳዳው ውስጥ አቼቶ ይሞላና ሳንቲም ይጨመርበት ነበር፤ የጎረቤት መንደር ሰዎች ሳንቲሙን ወስደው ምግብ ያስቀምጡ ነበር። ጣቴን ከትቼ አየሁት። አፉ ልስልስ ብሏል።

ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ራይሊ የሚባል ቦታ ያለው መቃብር ነው። ሜዳ ላይ፣ በድንጋይ አጥር ውስጥ። እዚያ ኤልዛቤት ሃንኮክ የምትባል እናት በነሐሴ 1666፣ በስምንት ቀን ውስጥ፣ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ብቻዋን ቀበረች። የሚጠጋት ሰው አልነበረም። ለሐበሻ ይሄ ከሞቱም ይከብዳል። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። እሷ ግን ራሷ ቆፍራ፣ ራሷ ጎትታ፣ ራሷ አለበሰች አፈር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ባስ ስጠብቅ አሮጊቷ እንደገና አገኙኝ። ስለ እናቴ እድር ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ጎረቤት የተጣላ እንደሆነስ?» አሉ።

«ቢጣላም ይቀብራል» አልኳቸው።

ባሱ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ።