ማክሰኞ ማታ ደሴ አትግቡ

ስጋ ካቆምኩ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። የጤናም የሃይማኖትም ጉዳይ አይደለም፣ ዝም ብሎ አልበላ አለኝ፣ አበቃ። አዲስ አበባ ላይ ብዙም አያስቸግረኝም ምክንያቱም ሰፈሬ ያሉት ምግብ ቤቶች ለምደውኛል። ብቻዬን ደሴ ሄጄ ጥቂት ቀን ልቆይ ስል ግን መጀመሪያ ያየሁት የአልጋ ዋጋ ሳይሆን ካላንደር ነው። እኛ አገር ስጋ የማይበላ ሰው ረቡዕና አርብ ንጉስ ነው፣ በቀሩት አምስት ቀናት ደግሞ አስቸጋሪ እንግዳ።

ፕላኔ እንዲህ ነበር፣ ማክሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት፣ ረቡዕ ከተማ መዞር፣ ሀሙስ ሐይቅ፣ አርብ እንደገና ደሴ፣ ቅዳሜ መመለስ። ሁለት የጾም ቀን ያዝኩ ብዬ ለራሴ ኮራሁ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕም አርብም ይበላባቸዋል፣ ያኔ ከሄዳችሁ በያይነቱ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ሁዳዴ 55ቱን ቀን ሙሉ ሰላም ነው፣ ፍልሰታም እንደዛው፣ ግን ነሐሴ ላይ የደሴን ዝናብና ጉም ትችሉታላችሁ ወይ የሚለውን ለራሳችሁ ልተወው።

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ስንወርድ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት፣ እኔም ለመንገድ ብዬ ብዙ ገዛሁ (ይሄን ቆሎ አስታውሱት)። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ጃኬት አስወለቀኝ፣ ከዛ ሐረጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያልን ወጥተን ደሴ ስንገባ ያወለቅኩትን ጃኬት ፍለጋ ቦርሳ መበርበር ጀመርኩ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጃኬቱን ከላይ አድርጉት።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ሶስት ጊዜ "ብቻሽን ነሽ?" ተብዬ ተጠየቅኩ። አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ሻንጣዬን ወርውሬ በጣም ርቦኝ ስለነበር አጠገቡ ያለ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ሽሮዋ በሸክላ እየተንተከተከች መጣች፣ እንጀራዬን ቆርሼ ገና አንዴ ስጠቅስ ጥርሴ ስር የሆነ ነገር። ቦዘና ናት! አስተናጋጇን ጠርቼ ስጋ እኮ አልበላም ብያት ነበር ስላት፣ ልጅቷ ከልቧ ገርሟት

"እንዴ፣ ይቺማ ለጣዕም ናት እንጂ ስጋ ናት እንዴ?"

አለችኝ። ከዛ ደግሞ "አብሽሪ፣ እለቅምልሻለሁ" ብላ ማንኪያ ይዛ መጣች። እውነቴን ነው፣ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ልትለቅም ጀመረች! መቆጣት አቃተኝ። እንቁላል ስልስ ተጠብሶልኝ በላሁ። እንግዲህ "ስጋ አልበላም" አይበቃም፣ "ቦዘና እንዳይሆን" ማለት አለባችሁ፣ ጎመንም ምስርም ከሆነ "በስጋ ነው?" በሉ። እኔ ቅቤና እንቁላል ስለምበላ ይቀለኛል፣ እነሱንም የማትበሉ "የጾም" ካላላችሁ አለቀላችሁ።

ረቡዕ አይጠየፍን አየሁ፣ የንጉስ ሚካኤል የግብር አዳራሽ። የመጣው ሁሉ ሳይናቅ የሚበላበት ቤት ስለሆነ ነው አይጠየፍ የተባለው ይላሉ፣ እኔ ደግሞ እዛ ቆሜ ያ ሁሉ ሰንጋ ሲታረድ እኔ ብኖር ምን ይሰጡኝ ነበር እያልኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ምሳዬ በያይነቱ ነበር፣ ምንም ጭቅጭቅ የለም።

ሀሙስ ነው ጉዱ። ጠዋቱን ፉል አዳነኝ፣ ፉል ቤት ውስጥ ጾም ፍስክ የሚባል ጥያቄ የለም፣ ትኩስ ዳቦ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ጥግብ። ከዛ በሚኒባስ ሐይቅ ሄድኩ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማያስገባ እኔ ውሃው ዳር ቀረሁ፣ ቅር አላለኝም፣ ያን የመሰለ ጸጥታ የት ይገኛል። ምሳ ሲደርስ ግን ያለው አሳ ነው። የተጠበሰ አሳ፣ የአሳ ጎላሽ፣ የአሳ ዱለት። "አሳ እኮ ስጋ አይደለም፣ ጾመኛውም ይበላዋል" ብሎ አንዱ ሊያስረዳኝ ብዙ ደከመ። በመጨረሻ የደብረ ሲናዋን ቆሎ አውጥቼ በሻይ።

አርብን ግን አልረሳውም። ፒያሳ አካባቢ ምግብ ቤት ጥግ ይዤ በያይነቱ እየጠበቅኩ ፊት ለፊቴ ሶስት ልጆች፣ የመስሪያ ቤት ባጅ አንጠልጥለዋል፣ አንዷ ሂጃብ አድርጋለች፣ አንዱ ማተብ አስሯል፣ አንድ ትሪ በያይነቱ ከበው ይሳሳቃሉ። ወሎ ላይ ስጋ ሲሆን የእስላም ነው የክርስቲያን ይባላል አይደል፣ ምስርና ጎመን ላይ ግን ማንም ምንም አይጠይቅም። ለካ እኔ አስቸጋሪ የመሰለኝ አበላሌ እዚህ ሁሉም የሚገናኝበት ትሪ ነው። ባለሂጃቧ ብቻዬን መሆኔን አይታ "ነይ እንጂ፣ ብቻ ይበላል እንዴ? ወላሂ ነይ!" አለችኝና የኔ ሳህን ሲመጣ እነሱ ትሪ ላይ ተገለበጠ። አንዱ ልጅ ያጎረሰኝ ስልጆ አይኔን አስለቀሰኝ፣ ሰናፍጩ አናቴ ድረስ ወጣ።

የሚቀጥለው ባቲ ነው፣ ገበያውን ማየት እፈልጋለሁ። ችግሩ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፣ ሰኞ ደግሞ ፍስክ። ቆሎውን እጥፍ አድርጌ ነው የምገዛው።